ውሃው እስከ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ

ጥር 9

ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ሱቅህ፣ ያ የባሕር ንፋስ የሚያስቸግረው ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ምላሷ እንዳለ ነው። «ለልጄ ይጽፋል፣ እኔን አክስቱን ግን ረስቶኛል ብለሽ ጻፊለት» ብላኛለች፤ ይኸው ጻፍኩልህ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ነበር። የከተማው የረግረግ ጥበቃ ኮሚሽን ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እሳቸውና አራት አባላት በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ያለ ክፍያ ይሰበሰባሉ። ደመወዝተኞቹ ሁለት ብቻ ነን። እኔ ጸሐፊም፣ ለኪም፣ መዝገብ ያዥም፣ ቀለም ቀቢም ነኝ። ሁለተኛው ጥበቃው ነው፤ እግሩ ከመርዘሙና ውሃ ውስጥ ቆሞ ከመዋሉ የተነሳ ሰው ሁሉ ሽመላ ይለዋል፣ እሱም ለምዶታል። ያለን የላስቲክ ቦት አንድ ጥንድ ነው፣ ቁጥሩ አርባ ሦስት። ተራዬ ሲደርስ ሦስት ካልሲ ደርቤ እገባበታለሁ። የመለኪያ ሜትራችን ደግሞ መጀመሪያው ላይ ሁለት ሜትር ተቆርጦ ስለጠፋ፣ ከለካነው ሁሉ ላይ ሁለት እንቀንሳለን። አዲስ ሰው ቢያየን የምንቀልድ ይመስለዋል። ግን በዚሁ ሜትር መቶ አስራ አራት ችካል ተክለን ረግረጉን ዙሪያውን ይዘነዋል፤ ከችካሉ አልፎ አፈር የሚደፋ የለም።

አሁን ወደተነሳሁበት ልምጣ። በአሮጌው ወፍጮ ቤት በኩል ያለው ወሰን እስካሁን አልጸናም። ለጊዜው ችካሎቹን ግድግዳው ሥር ተክለናቸዋል፣ የሚደግፈን ወረቀት ግን የለንም። ደንቡ የሚለው፣ ወሰኑ ውሃው ከሁሉ ከፍ ባለበት፣ በጽሑፍ በተረጋገጠ ዓመት የደረሰበት ቦታ ነው። የድሮው ካርታ የመዝገብ ክፍሉ ጣሪያ አፍስሶ ተበላሸ። የረግረግ ኮሚሽን ሰነዱን ውሃ በላው ብለው ከተማው ሁሉ ስቀውብናል። ታናሽ ወንድምህ ኢንጅነሩ እዚያው ቦታ ላይ አፈር ደፍቶ መጋዘን ለመሥራት ማመልከቻ አስገብቷል። ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ፣ አንዱ ትልቁ ውሃ የመጣው የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በተቀየረበት ዓመት ነው ይለኛል፣ ሌላው የለም ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው ይላል።

አንተ ያን ጊዜ በወፍጮ ቤቱ እህል ትይዝ ነበር። የቀኑን ነገር ሳትጽፍ ደብተርህን እንደማትዘጋም ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ውሃው የት እንደደረሰ የጻፍክበትን ገጽ ቃል በቃል ገልብጠህ ብትልክልኝ ኮሚሽኑ በሰነድነት ይቀበለዋል። ውሃው በወፍጮ ቤቱ በኩል ቦታ ካጣ የሚሄድበት ሌላ የለውም፤ ወደ ታችኛው ሰፈር ነው የሚዞረው። እናቴ እዚያ እንደምትኖር ታውቃለህ።

ሥራህን ያቅናልህ፣ እጅህ የነካውን ያብዛልህ።

እህትህ ትንሿ


ከማስታወሻዬ፣ ጥር 27

የትንሿ ደብዳቤ ደረሰኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቼ ከአልጋው ሥር ያለውን ሣጥን ሳብኩት። ደብተሮቹ በዓመታቸው ተደርድረው ስላሉ የምፈልገውን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ያን ጊዜ ስለ ውሃው የምጽፈው ለማንም ብዬ አልነበረም። ውሃው ግድግዳው ሥር ከደረሰ የታችኛው ረድፍ ጆንያ ይሻግታል። ስለዚህ በየጠዋቱ ወጥቼ የት እንደደረሰ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በተቀየረበት ዓመት፣ ነሐሴ 14፦ «ውሃው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ደረሰ። ጆንያውን ሁሉ ቆጥ ላይ አወጣን። ትንሿን በትከሻዬ አሻገርኳት፤ መንገዱን ሙሉ ስትስቅ ነበር።» በሚቀጥለው ዓመት፣ ነሐሴ 20፦ «ውሃው ሾላው ዛፍ ሥር ቆመ። ከግድግዳው ስልሳ እርምጃ። ጆንያ አልተነካም።»

መጋዘኑ የወንድሜ ብቻ አይደለም። ጉልበቴ ሱቅ ማቆም ሲያቅተው ተመልሼ የምቀመጥበት ቤት ከፊቱ ይሠራል ተባብለናል። በሩ በየት በኩል ይከፈት በሚለው እንኳ ተጨቃጭቀን ጨርሰናል። ወንድሜን ሰው ኢንጅነሩ የሚለው ተምሮ አይደለም፤ የተከለው አጥር ሁሉ ስለሚዘም ነው። ስልክ ደወልኩለት። «የደረቁን ዓመት ስጣት፣ እሱም ያው የአንተው ጽሑፍ ነው» አለኝ። እሱ ከማለቱ በፊት እኔም አስቤው ነበር። ይህን እዚህ የምጽፈው ኋላ ነገሩን በእሱ እንዳላላክክ ነው።

እሷ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች አልኩ።


የካቲት 16

ለውድ እህቴ ለትንሿ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? አክስቴስ እንዴት ናት? ምላሷ እንዳለ መሆኑን በመስማቴ ደስ ብሎኛል፤ እሷ ዝም ያለች ቀን ነው መስጋት ያለብን በያት። እኔ በሕይወት አለሁ። ማጠፊያና ቁልፍ እሸጣለሁ፣ የሰው በር ሁሉ በኔ ማጠፊያ ነው የሚከፈተው፤ እኔ ግን ከሱቄ አልወጣም።

የዘገየሁት ሣጥኑን ፍለጋ ነው፤ ይቅርታ። የጠየቅሽኝን ከደብተሬ ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ፦ «ነሐሴ 20። ውሃው ሾላው ዛፍ ሥር ቆመ። ከግድግዳው ስልሳ እርምጃ። ጆንያ አልተነካም።» ዓመቱ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ከተቀየረ በኋላ ያለው ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ለኮሚሽኑ እንዲመች በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

ስለ ቦቱ የጻፍሽውን ሳነብ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ግን አሳዘንሽኝ። በዚህ ወደብ ላይ ለዓሣ አጥማጆች የሚሸጥ ጥሩ የላስቲክ ቦት አለ። ቁጥር ሠላሳ ሰባት ልኬልሻለሁ። እግርሽን ካላሳደግሽው በቀር ልክሽ ይሆናል።

ደህና ሁኚልኝ፤ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ


ከማስታወሻዬ፣ የካቲት 16

ለትንሿ ጻፍኩ። ከፍተኛው ዓመት ይህ ነው አላልኩም። አይደለምም አላልኩም። ስነግድ ኖሬያለሁ፤ ጆንያ ሲፈታ የትኛው ጎን ወደ ገዢው እንደሚዞር አውቃለሁ። ቦቱን የላክሁት ደግሞ ስለሚያስፈልጋት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እውነት ይሆን ነበር።


መጋቢት 21

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከወንዙም ከባሕሩም ማዶ ይድረስህ። ወረቀትህም ቦቱም ደርሰውኛል። ቦቱ ልክ በልኬ ነው። ሽመላ አይቶ፣ «አሁን ገና ሁለት ሠራተኛ ሆንን፣ እስከ ዛሬ አንድ ተኩል ነበርን» አለ።

ኮሚሽኑ ባለፈው ሐሙስ ወረቀትህን ተመልክቷል። እኔ ነኝ ያነበብኩት። ሌላ በጽሑፍ የተገኘ ስለሌለ ወሰኑ ሾላው ዛፍ ሥር እንዲሆን ተወሰነ። የወንድምህም ማመልከቻ ጸደቀ። ግድግዳው ሥር የነበሩትን አስራ ዘጠኝ ችካሎች ከሽመላ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ስንነቅል፣ ወደ ታች አውርደን ስንተክል ሰነበትን። እሱ ሥራውን ሁሉ እያጉረመረመ ነው የሠራው። «ይሁን፣ እንትከለው፤ ግን ውሃው ይሄን ወረቀት አላየውም» ይለኛል። እኔም መዶሻውን እንዲያቀብለኝ ነገርኩት።

አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ተውኩት። ወረቀቱ ያለው ነው የሚጻፈው።

ኢንጅነሩ በሦስተኛው ቀን አፈር ማስደፋት ጀመረ። እናቴ ሰላም ብላሃለች፤ በር ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ትቆጥራለች።

እህትህ ትንሿ


ግንቦት 2

ለውድ እህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ደብዳቤሽ በሥራ መደራረብ ውስጥ ስለደረሰኝ መልሱ ዘገየ። ቦቱ ልክሽ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ወንድሜ ግድግዳው ወገብ ድረስ መድረሱን ነግሮኛል፤ ቀጥ ብሎ መቆሙን አንቺ አይተሽ ብትጽፊልኝ እወዳለሁ፣ እሱን በዚህ ነገር አላምነውም።

ጥያቄ ነበረኝ ያልሽው ምን እንደሆነ አልገባኝም። የሚያስቸኩል ካልሆነ ስመጣ እንጫወታለን። ለአክስቴ የዓይን ጠብታ በዚህ ጥቅል ውስጥ አለ፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጠብታ ነው።

ወንድምሽ


ሐምሌ 10

ለውድ እህቴ፣

ሁለት ወር አለፈ፣ ድምፅሽን አጣሁት። ጠብታው ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ዝናቡ እንደጠነከረ ከወንድሜ ሰምቻለሁ። ዝምታሽ አሳስቦኛልና ሁለት መስመር ቢሆን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 29

ለጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው ብዬ አልዋሽህም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው። ጠብታው ደርሷል፣ እናቴ ትመርቅሃለች።

ውሃው ነሐሴ 17 መጣ። ጠዋት ላይ ሾላው ዛፍ ሥር ካሉት ችካሎች ደረሰ፤ ቀኑ ሳይጋመስ አለፋቸው። ከዚያ የኢንጅነሩ ድልድል አፈር ጋ ደረሰና ቆመ። ሽመላና እኔ እዚያው ቆመን ነበር። ውሃ ሲያስብ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ያን ቀን ያየሁ መሰለኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል አፈሩ ሥር ተኛ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ ወደ ታችኛው ሰፈር ሄደ።

አስራ አንድ ቤት ገባ። የሞተ የለም፣ ፈጣሪ ይመስገን። እናቴን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፣ እግሯን ሰብስባ። የጎረቤታችን የሽማግሌው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና እስከ ጎማው ጭቃ ውስጥ ነበር። የሰው ያልተጨረሱ ልብሶች አናታቸው ላይ ተሸክመው ሲወጡ፣ «ልጄ፣ ሰማያዊው ኮት የመድኃኒት ቤቷ ወይዘሮ ነው፣ እንዳይረጥብ ያዢልኝ» አሉኝ። ያዝኩላቸው። የያዝኩት አንተ በላክልኝ ቦት ቆሜ ነው፤ እሳቸው ባዶ እግራቸውን ነበሩ።

መጋዘኑ ደርቆ ቆሟል። ቀጥ ማለቱን ጠይቀኸኝ ነበር። ትንሽ ያዘመመ ይመስለኛል።

አሁን የታችኛው ሰፈር ሰዎች አቤቱታ አስገብተዋል። ጸሐፊዋ ምስክርነት የተቀበለችው ከዘመዷ ነው፣ ዘመዷም የአመልካቹ ወንድም ነው ብለዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ማዘጋጃ ቤቱም በዚሁ አሳብቦ ኮሚሽኑን ዘግቶ ከጽዳት ክፍሉ ጋር ሊቀላቅለው ይፈልጋል፤ ያኔ ችካሎቹን የሚጠብቅ አይኖርም። ጉዳዩ መስከረም 28 ሐሙስ ይታያል።

ጋሼ፣ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ የተቀየረበት ዓመት ደብተር አለህ?

ትንሿ


ከማስታወሻዬ፣ መስከረም 9

«እህትህ» አላለችም።

ወንድሜ ደውሎ ነበር። «ጠፋ በላት፣ የባሕር አየር ወረቀት ይበላል፣ ማን ይመረምርሃል» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ልብስ ሰፊውን ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ሰላም አሉኝ። ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር» ብሎ ዘጋው።

ነገሩን እንደ ነጋዴ አሰብኩት፣ ሌላ ማሰቢያ የለኝም። የድሮውን ደብተር ብቻ ብልክ ወንድሜ «ተሳስቶ ነው፣ ዓመት ተምታቶበት ነው» ይላል። እኔም ተሳሳትኩ ተብዬ እታለፋለሁ። ጥፋቱ ሳታጣራ በተቀበለችው ላይ ይወድቃል። ስህተት አለመሆኑ የተጻፈው አንድ ቦታ ነው፤ እዚህ ደብተር ላይ፣ ጥር 27 እና የካቲት 16። ስለዚህ ይህም ይሄዳል።

ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ሱቅ ውስጥ ማንም የለም፣ የማያውቀኝ ወደብ ነው፣ ግን ይግላል።


መስከረም 12

ለእህቴ ለትንሿ፣

ሰላምታ ለማቅረብ እጄ አልታዘዝ ቢለኝም ከልቤ እንደምን አለሽ እልሻለሁ። አክስቴን በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቂያት አልልሽም፤ እሱን ራሴ መጥቼ ማድረግ አለብኝ።

ደብተሩ አለ። ሁልጊዜም ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ደብተሮች ይደርሱሻል፤ በማምነው ነጋዴ እጅ ስለላክኋቸው በሳምንት ውስጥ እጅሽ ይገባሉ። አሮጌው የጠየቅሽው ነው። ነሐሴ 14 ላይ ታገኚዋለሽ፣ ውሃው የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ደርሷል። አዲሱ አሁን የምጽፍበት ነው። ጥር 27 እና የካቲት 16ን ለጉባኤው አንብቢላቸው። እዚያ ላይ ምን እንዳደረግሁና አውቄ እንዳደረግሁት ተጽፏል። እኔ አታለልኩ፣ አንቺ ተታለልሽ። ይህ ከተሰማ በአንቺ ላይ የሚቀር ነገር አይኖርም፣ ኮሚሽኑም ይድናል። የፈረምኩበትን ወረቀት መሻሬንም በተለየ ወረቀት ጽፌ ፈርሜአለሁ።

አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ደብተር ላይ በትከሻዬ ስላሻገርኩሽ የጻፍኩት አለ። ልቀደው አሰብኩና ተውኩት፤ የተቀደደ ደብተር ማስረጃ አይሆንም። አንባቢዋ አንቺ ነሽ። ያንን መስመር ብትዘይው የሚያውቅ የለም፣ ለጉዳዩም አይጨምርም።

ታስታውሺ እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 4

ለጋሼ፣

እንደምን አለህ? እናቴ ትመርቅሃለች፣ ትሰድብሃለችም፤ ሁለቱንም በእኩል ጻፊ ብላኛለች። አዲሱን ደብተርህን መልሼልሃለሁ። አሮጌውን ኮሚሽኑ ይዞታል፤ ደረሰኙ ውስጡ አለ። መዝገብ ክፍሉ ጣሪያ ሥር አላስቀመጥነውም፣ መምህሩ ቤታቸው ወስደውታል።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የታችኛው ሰፈር ሰው ሁሉ መጥቷል። ልብስ ሰፊው ከፊት ተቀምጠው ነበር፣ ኢንጅነሩ ከኋላ በሩ ጋ ቆሞ። የምታነበው ጸሐፊዋ ስለሆነች፣ በራሴ ጉዳይ ላይም እኔው አነበብኩ፤ ሌላ ጸሐፊ የለም።

መጀመሪያ የአዲሱን የካቲት 16 አነበብኩ። ከጥር 27ም የአንተንና የወንድምህን ንግግር አነበብኩ፤ ያንን መስመር ግን ዘለልኩት። እንዳልከኝ አደረግሁ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ «ምስኪን፣ እሷን እኮ አሞኝተዋት ነው» አለች። ልብስ ሰፊው ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ አይዞሽ እንደማለት። ጋሼ፣ ስድብ ቢሆን እችለው ነበር።

አሮጌውን ከፈትኩ። ነሐሴ 14። ውሃው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ደረሰ ብዬ አነበብኩ። ጆንያውን ሁሉ ቆጥ ላይ አወጣን ብዬ አነበብኩ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ጽሑፍህን ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ቀጠልኩ። «ትንሿን በትከሻዬ አሻገርኳት፤ መንገዱን ሙሉ ስትስቅ ነበር።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ለቃለ ጉባኤው ግልጽ እንዲሆን ብለው ነው የጠየቁት፤ ክፋት አልነበረባቸውም።

«ትንሿ ማናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ታስታውሺ ነበር?»

«አስታውስ ነበር።»

አስታውስ ነበር ጋሼ። ጥር ላይ ስጽፍልህ አስታውስ ነበር። ከላይ ሆኜ ግድግዳው ላይ የደረሰውን ውሃ ያየሁት፣ አንድ እግር ጫማዬ ወድቆ ሲንሳፈፍ የሳቅኩት፣ ሁሉም እንደ ትናንት ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ትዝታ ሰነድ አይደለም ብዬ ካንተ ወረቀት ጠየቅሁ። ወረቀትህ ሾላው ዛፍ ሲል፣ ሌላ ዓመት መሆኑን አንብቤ ሳልጨርስ አወቅሁ። ያ ነው የተውኩት ጥያቄ። ብናገር አንተን ማዋረድ መሰለኝ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ቦቱ ልኬ ነበር። እስከ ጉልበቴ ደረቅ ሆኜ ውሃ ውስጥ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው።

ያሰብክልኝን አውቃለሁ። ሁለቱን ደብተር የላክኸው እኔን ንጹሕ ለማድረግ ነው። አልሆነም፤ ይቅር በለኝ።

የመድኃኒት ቤቷ ወይዘሮ፣ አባል ናቸው፣ መሰናበት ይገባታል አሉ። ሌሎቹም የተስማሙ ይመስሉ ነበር። መምህሩ ግን፣ «ላሰናብትሽ ብል ሰኞ ጠዋት ችካሎቹን ማን ይነቅላል?» አሉኝ። የሳቀ የለም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተወሰነብኝ፣ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ። ጽሕፈት መኪናው ላይ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ማስጠንቀቂያዬን ራሴ ጻፍኩት፣ ለፊርማ አቀረብኩት፣ ማኅተም መታሁበት፣ አንዱን ቅጂ መዝገብ ውስጥ አስገባሁ፣ አንዱን ለጠፍኩ። አንድ ፊደል ተሳስቼ ደግሜ ጽፌዋለሁ። ቦቱም ወደ ንብረት መዝገብ ይግባ ተብሏል፤ በተራ ቁጥር 7 አስገብቼዋለሁ። ሽመላ አይገባውም፣ ስለዚህ የምጫማው ያው እኔ ነኝ።

ኮሚሽኑ አልተዘጋም። ወሰኑ ወደ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ተመልሷል፣ ኢንጅነሩም አፈሩን በአርባ ቀን ውስጥ እንዲያነሳ ተወስኗል። መጋዘኑ ይፈርሳል። ከፊቱ ሊሠራ የነበረው የአንተ ቤትም ይቀራል፤ ይህን የምነግርህ እኔ በመሆኔ አዝናለሁ።

ስንወጣ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ በመጋቢት ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ። እሳቸውም ቆመው መልሱን ጠበቁ፣ ብዙ ጠበቁ፣ ከዚያ ሄዱ። አሁን ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ሳልፍ እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል። የተጠየቅሁትን ግን እስካሁን አልመለስኩም።

ሰኞ ዕለት ችካሎቹን ልንመልስ ሄድን። አስራ ስምንቱን ተከልን። የመጨረሻውን ግድግዳው ሥር ልንተክል ስንል ኢንጅነሩ መጣ። የመጣው ሊጣላን መስሎት ሽመላ መዶሻውን ወደ ኋላው ደበቀ። እሱ ግን ግድግዳውን እያየ፣ «እዚህ ጋ ነው ያሻገረሽ፤ እኔ ከኋላ ጆንያ ተሸክሜ ነበርኩ» አለ። ሁላችንም እናስታውስ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ችካሉን በሁለት እጁ ያዘልን፣ ሽመላም መታው።

ሲጨርሱ አየሁት። ዘሟል። ሽመላ ነቅሎ ሊያቃናው ፈለገ፣ ተወው አልኩት። ቀለም ቀባሁትና ቁጥር ጻፍኩበት፣ መቶ አስራ አራት። ስትመጣ ከሩቅ ትለየዋለህ።

እህትህ ትንሿ